«ጨረታው ተሰርዟል» የሚል ደብዳቤ ሲደርስ፦ ከባሕር ዳር የአንዲት ወርክሾፕ ባለቤት ተሞክሮ

ባለፈው ወር አባይ ማዶ ከእኛ ወርክሾፕ አጠገብ በእንጨት ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ መጣ። አሸንፈሃል ተብሎ በቃል የተነገረው ጨረታ መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። «እትዬ፣ በዚህ ላይ አቤት ማለት ይቻላል?» ሲል ጠየቀኝ። ደብዳቤው መቼ እንደደረሰው ስጠይቀው ቀኑን ማስታወስ አልቻለም፤ ከባለቤቱ ጋር ተመካክሮ ቢያሰላው ዘጠኝ የሥራ ቀናት አልፈዋል። ጊዜው እንዳለፈበት ነግሬ መሸኘቱ በጣም ከበደኝ፤ ምክንያቱም እኔም ከዓመታት በፊት በዚያው መንገድ ሄጄ፣ በዚያው ባለማወቅ የከሰርሁ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ሌላ ባለሙያ ያንኑ ጥያቄ ጊዜው ካለፈ በኋላ እንዳይጠይቅ ነው።

ሥራችን የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ነው፤ የተማሪ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ተደራራቢ አልጋና የመዝገብ መደርደሪያ እንሠራለን። ብየዳውን ታናሽ ወንድሜ ይመራል፤ የጨረታውን ሰነድ፣ የባንኩንና የግብሩን ጉዳይ የምይዘው እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ጨረታ ተሰርዞብኛል፤ አንደኛው በ2011 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በ2013 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ምንም ሳላገኝ ቀረሁ፤ በሁለተኛው አቤቱታዬ ተሰምቶ ውል ፈረምሁ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ትልቅ ሰው ማወቅ ወይም ጠበቃ ማቆም አልነበረም። ልዩነቱ ደብዳቤ በእጄ የገባበትን ቀን ማወቄና ቀኑንም ማስረጃ ማድረጌ ነበር።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ማስታወስ አለብኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ጨረታ የሚያወጡት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሕግ የሚተዳደሩ አይደሉም። የክልሉ ቢሮዎችና የከተማ አስተዳደሩ የክልሉን የግዥ ሕግ ይከተላሉ፤ ማስታወቂያቸውንም ብዙ ጊዜ በበኩር ጋዜጣ ላይ እናገኘዋለን። በከተማችን የሚገኙ የፌዴራል ተቋማት ግን በፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ይገዛሉ፤ ጨረታቸውንም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ እናነባለን። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በአንድ መንገድ ዳርና ዳር ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፤ አቤቱታው የሚሄድበት ቦታ ግን ይለያያል። ስለዚህ የጨረታ ሰነድ ስትገዙ የተጫራቾች መመሪያ የሚለውን ክፍል ገልጣችሁ በየትኛው አዋጅ እንደተዘጋጀ በመጀመሪያው ቀን ማየት ይገባል። የእኔ ሁለቱም ጉዳዮች የፌዴራል ተቋማት ስለነበሩ የምተርከው በጊዜው ሥራ ላይ ስለነበረው የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነው። ይህ አዋጅ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ዛሬ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው አንቀጹንና የጊዜ ገደቡን ከአዲሱ አዋጅና ከመመሪያው ላይ አንብቦ መጥቀስ ይኖርበታል።

በ2011 ዓ.ም. የተጫረትሁት 250 የተማሪ አርም ቼር ለማቅረብ ነበር። የአንዱን ዋጋ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 1,380 ብር ሞላሁ። ፖስታው በሕዝብ ፊት ተከፍቶ የሁላችንም ዋጋ በየተራ ሲነበብ ዝቅተኛው የእኔ ሆነ። ግንቦት ላይ ከግዥ ክፍሉ ስልክ ተደወለልኝና «አሸንፈሻል፣ ተዘጋጂ፣ ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይደርስሻል» ተባልሁ። የደወለልኝ ሰው በቅንነት እንደደወለ አሁንም አምናለሁ። በጊዜው የብረት ዋጋ በየሳምንቱ ይጨምር ስለነበር፣ ደብዳቤውን ሳልጠብቅ ከዕቁብ የደረሰኝን ገንዘብ ጨምሬ በ142,000 ብር ቱቦላሬ፣ ላሜራና ኮምፔንሳቶ ገዛሁ። ደብዳቤው በዚያ ሳምንት አልመጣም፤ በሚቀጥለውም አልመጣም። ሰኔ ላይ የመጣው ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ነበረው፦ የቀረበው ዋጋ ከተቋሙ የገበያ ዋጋ ጥናት ጋር ባለመጣጣሙ ጨረታው መሰረዙን ይገልጻል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ስህተት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የደወለልኝን ሰው እየፈለግሁ በየቢሮው በር ቆምሁ። በሁለተኛው ሳምንት የበላይ ኃላፊውን ለማነጋገር ቀጠሮ ጠየቅሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ረዥም ደብዳቤ ጻፍሁ፤ በደብዳቤው ውስጥ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዕቁቡ፣ ስለ ሠራተኞቼ ደመወዝና ስለ ደረሰብኝ በደል ሁሉ ዘረዘርሁ። የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ አቤቱታው በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ አልቀረበም፤ ከዚህም ሌላ የተባለው የአሸናፊነት ማሳወቂያ በጽሑፍ ስለመሰጠቱ ማስረጃ የለም።

የዚያ ክረምት ዝናብ ቱቦላሬው ላይ ወረደበት። መጋዘናችን ጠባብ ስለሆነ በግቢው ጥግ በሸራ ሸፍነን ነበር የደረደርነው፤ የሐይቁ እርጥበትና የሐምሌ ነፋስ ሸራውን እየገለጠ ውኃ አስገባበት። ነሐሴ ላይ ሸራውን ገልጬ ጣቴን በብረቱ ላይ ሳሳርፍ ቀይ ዝገት ተከትሎኝ መጣ። ወንድሜ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ሆኖ አንድ ሳምንት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅና አንቲረስት ሲቀባ ከረመ። ብረቱ ኋላ ላይ ለሌላ ሥራ ዋለ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለወራት ታስሮ ቆየ፣ የዕቁቡንም ዙር ተበድሬ ከፈልሁ። ለጨረታ ማስከበሪያ ያስያዝሁት ሲፒኦም (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ሰባት ሳምንት ያህል እዚያው ተቋም ፋይል ውስጥ ቀርቷል፤ ሲፒኦው የተሠራው በተቋሙ ስም በመሆኑ ዋናው ቅጂ ካልተመለሰልኝ ባንኩ ገንዘቤን አይለቅልኝም፤ እኔም በጽሑፍ ሳልጠይቅ መጠበቄ ነው ያዘገየው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከጡረታ በፊት ረዥም ዘመን በመንግሥት ግዥ ሥራ ላይ የቆዩ አንድ ጎረቤታችንን አማከርሁ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር ተቀምጠው ማንበብ ይወዳሉ። አዋጁ የታተመበትን ነጋሪት ጋዜጣ ከቤት አስመጥተው፣ በእርሳስ ያሰመሩበትን አንቀጽ 30 አወጡልኝ። «ልጄ፣ ይህን አምስት ጊዜ አንብቢው፤ ከዚያ በኋላ በደል ደረሰብኝ ትያለሽ ወይም አልደረሰብኝም ትያለሽ» አሉኝ። እንደታዘዝሁት አነበብሁት፤ ያነበብሁትም ያላሰብሁትን ነገር ነበር።

አንቀጹ መሥሪያ ቤቶች የቀረቡ የመጫረቻ ሰነዶችን በሙሉ ወይም በከፊል ውድቅ ማድረግ የሚችሉባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። በግዥው ሂደት ውስጥ ውጤቱን ሊለውጥ የሚችል ስህተት መፈጸሙ ሲረጋገጥ፣ የሥራ ዕቅድ በመለወጡ ወይም የተሻለ አማራጭ በመገኘቱ ግዥው የማይጠቅም ሆኖ ሲገኝ፣ ተጫራቾች ዝቅተኛውን መስፈርት ሳያሟሉ ሲቀሩ፣ የቀረበው ዝቅተኛ ዋጋ ከገበያ ጥናቱ ጋር ሳይጣጣም ሲቀር፣ እንዲሁም ተጫራቾች ተመሳጥረው ውድድሩን እንዳበላሹ ሲታወቅ ጨረታው ሊሰረዝ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱን ለተጫራቾች ወዲያው መግለጽ አለበት፤ ነገር ግን የምክንያቱን ትክክለኛነት እንዲያስረዳ አይገደድም፤ በዚህ አንቀጽ መሠረት በመሰረዙ ብቻም ለተጫራቾች ኃላፊነት አይኖርበትም። ይህን ሳነብ የ142,000 ብሩን ብረት ማንም እንደማይክሰኝ ገባኝ። ከዚህም የሚከብደው ደግሞ ስለ አቤቱታ የሚደነግገው ክፍል ነው፤ በአንቀጽ 30 መሠረት በተሰጠ የስረዛ ውሳኔ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንደማይቻል በግልጽ ይናገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወረቀቱን ያጥፋል። ጋሼ ግን እርሳሳቸውን በሁለት ቦታ ላይ አሳረፉ። አንደኛው፣ አንቀጹ የመሰረዝ ሥልጣኑን የሚሰጠው የጨረታው አሸናፊ ከመገለጹ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው፣ አቤቱታ የተከለከለው «በአንቀጽ 30 መሠረት» በተሰጠ ውሳኔ ላይ ነው። እንግዲህ ስረዛው የመጣው አሸናፊነትሽ በጽሑፍ ከተነገረሽ በኋላ ከሆነ፣ ወይም የተሰጠው ምክንያት ከተዘረዘሩት አንዱን እንኳ የማይነካ ከሆነ፣ ያ ስረዛ በአንቀጽ 30 መሠረት የተሰጠ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ክልከላውም አይሸፍነውም። ስለዚህ «ለምን ሰረዛችሁብኝ» ብሎ መጻፍና «ስረዛው ከአንቀጽ 30 ውጭ ነው» ብሎ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው በር ላይ ይመለሳል፣ ሁለተኛው መዝገብ ይከፈትለታል።

በየጨረታ ማስታወቂያው ግርጌ «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ሁላችንም ለምደነዋል፤ ብዙዎቻችንም ይህን ካነበብን በኋላ ምንም መብት የለንም ብለን እናምናለን። እኔ ይህን አመለካከት አልቀበለውም። በማስታወቂያ የሚወጣ ዐረፍተ ነገር ከአዋጁ የሚበልጥ ሥልጣን ለማንም አይሰጥም፤ የሚጠብቀው አዋጁ የሰጠውን መብት ነው፤ አዋጁ ደግሞ ለዚያ መብት ወሰን አበጅቶለታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። በሌላ የፌዴራል ተቋም 400 አርም ቼር ለማቅረብ በአንዱ 2,150 ብር ተጫረትሁ፤ ጠቅላላው ከታክስ በፊት 860,000 ብር ነበር፤ ለጨረታ ማስከበሪያም የ15,000 ብር ሲፒኦ አስያዝሁ። በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ከፈትሁ፤ የተደወለልኝን ስልክ፣ ያነጋገርሁትን ክፍልና የተቀበልሁትን ወረቀት ሁሉ ከነሰዓቱ እጽፍበት ነበር። አሸናፊነቴ እንደ በፊቱ በስልክ ሲነገረኝ አመስግኜ፣ ደብዳቤውን ራሴ መጥቼ እንደምወስድ ነገርኋቸው። የካቲት 23 ማክሰኞ የዓድዋ በዓል ስለነበር በማግሥቱ ረቡዕ የካቲት 24 ጠዋት መዝገብ ቤት ሄጄ፣ በመላኪያ መዝገቡ ላይ ስሜን፣ ቀኑንና ፊርማዬን አኑሬ ተቀበልሁ። ብረት ግን አልገዛሁም፤ ምክንያቱም የአሸናፊነት ደብዳቤ ውል አይደለም፤ ውል የሚኖረው ሁለቱ ወገኖች ሲፈራረሙ ነው።

ረቡዕ መጋቢት 1 ቀን አንድ የተቋሙ ተላላኪ ወርክሾፕ ድረስ መጥቶ ፖስታ ሰጠኝ። ስከፍተው የጨረታ ስረዛ ደብዳቤ ነው። ምክንያቱ ተጠቃሚው የሥራ ክፍል ፍላጎቱን በመለወጡ ነው ይላል። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ደግሞ የካቲት 22 ነው፤ ማለትም የአሸናፊነት ደብዳቤዬን ከተቀበልሁበት ቀን በሁለት ቀን ይቀድማል። በመጀመሪያ ሳየው ልቤ ወደቀ፤ ቀኑ ከቀደመ ነገሩ አልቋል ብዬ አሰብሁ።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ደጋግሜ አየኋቸው። የአሸናፊነት ደብዳቤው ወጪ ቁጥር በ412 ያበቃል። የስረዛው ደብዳቤ ወጪ ቁጥር በ431 ያበቃል። ወጪ ቁጥር ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ሲወጣ በተራ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የካቲት 22 የተባለው ደብዳቤ ከየካቲት 24ቱ ደብዳቤ በኋላ አሥራ ዘጠነኛ ሆኖ ወጥቷል ማለት ነው። ደብዳቤው በመጀመሪያው ቀን ተዘጋጅቶ ኋላ ላይ ወጪ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ እኔም ማንንም በማጭበርበር አልከሰስሁም። ለእኔ የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አዋጁ የሚጠይቀው ለተጫራቹ የተገለጸበትን ጊዜ ነው፤ ለእኔ በቅድሚያ የተገለጸልኝ ደግሞ አሸናፊነቴ ነው።

በዚያ አዋጅ አቤቱታ የሚቀርበው በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነበር፤ ጊዜውም ተጫራቹ ለአቤቱታው መነሻ የሆነውን ነገር ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንሥቶ 5 የሥራ ቀናት ነበር። መጋቢት 1 ተቀብዬ ከሆነ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ብሎ መጋቢት 8 ላይ ያበቃል። እኔ ሦስተኛውን ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 6ን መረጥሁ፤ ቅዳሜና እሑድን ለመጻፍ ተጠቀምሁባቸው፣ ሁለት የሥራ ቀናትም ለሚያጋጥም እንቅፋት አተረፍሁ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጸሐፊዋ ወጥታለች፣ ማኅተም የያዘው ሰው የለም የሚል መልስ በማንኛውም ቢሮ ያጋጥማል፤ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ካጋጠመ ግን ጉዳዩን በሙሉ ይገድለዋል።

የጻፍሁት ደብዳቤ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ዋናው ክፍል እንዲህ ይላል፦ «የአሸናፊነት ማሳወቂያ ደብዳቤው በየካቲት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በመላኪያ መዝገብ ላይ ፈርሜ የተቀበልሁት ሲሆን፣ የጨረታ ስረዛ ደብዳቤው የደረሰኝ በመጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በአዋጅ ቁጥር 649/2001 አንቀጽ 30 መሠረት ጨረታ ሊሰረዝ የሚችለው አሸናፊው ከመገለጹ በፊት በመሆኑ፣ የተሰጠው ውሳኔ በዚህ አንቀጽ የሚሸፈን አይደለም። ስለሆነም ስረዛው ተነሥቶ የግዥ ሂደቱ ካቆመበት እንዲቀጥል፣ አቤቱታው ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስም በዚሁ ግዥ ላይ አዲስ ጨረታ እንዳይወጣ አመለክታለሁ።» ከዚህ በታች የሁለቱን ደብዳቤዎች ቁጥርና ቀን በአንድ በአንድ ጠቅሼ ኮፒ አያያዝሁ። ስለ ልጆቼም ሆነ ስለ ዕቁቡ አንድ ቃል አልጻፍሁም፤ እውነት አለመሆኑ አይደለም፣ ኃላፊው እንዲወስኑበት ሕግ የሰጣቸው ነገር ስላልሆነ ነው። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዤ ሄጄ፣ በእኔ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይመታበት ከመዝገብ ቤቱ መስኮት አልተነሣሁም።

ኃላፊው መልስ የሚሰጡበት ጊዜ 10 ቀን ነበር። መልስ ካልሰጡ ወይም መልሱ ካላረካኝ፣ በሚቀጥሉት 5 የሥራ ቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ለሚገኘው አቤቱታ አጣሪ ቦርድ ማቅረብ ነበረብኝ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ስለሆነ የአባይን በረሃ አቋርጬ ደርሼ ለመመለስ የሚፈጅብኝን ቀን ሁሉ አስልቼ፣ የቦርዱንም ማመልከቻ አስቀድሜ ጽፌ አስቀመጥሁ። አንድ ሰው እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ሌላው ሥነ ምግባር ክፍል ሂጂ ይሉኝ ነበር። ሁለቱም በቦታቸው የሚጠቅሙ ናቸው፤ ነገር ግን ወደ እነሱ መሄድ በግዥ አዋጁ የተቆጠረውን አምስት ቀን አያቆመውም። ጉልበት የሚያንሰው ሰው መጀመሪያ መሮጥ ያለበት ቀን ወደሚቆጠርበት ቦታ ነው።

ሰኞ መጋቢት 13 የተቋሙ የሕግ ክፍል ባለሙያ ጠሩኝ። ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው እንደተረዳሁት፣ የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴው የካቲት 22 በቃለ ጉባኤ ጨረታው እንዲሰረዝ ወስኗል፤ በማግሥቱ በዓል ሆነ፤ ከዚያ በፊት የተዘጋጀው የአሸናፊነት ደብዳቤ ደግሞ ውሳኔውን ባላወቀ ሌላ ሰው እጅ ረቡዕ ጠዋት ወጣ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁለት ጠረጴዛዎች ሳይነጋገሩ ሠርተዋል። ባለሙያው «ጨረታው እንደገና ሲወጣ ትጫረቻለሽ፣ ለምን አትተዪውም?» ሲሉ ጠየቁኝ። የመለስሁላቸው ከልቤ ነበር። ዋጋዬ በሁሉም ተጫራቾች ፊት በከፍተኛ ድምፅ ተነቧል፤ ጨረታው እንደገና ሲወጣ ሁሉም ሰው የእኔን ዋጋ አውቆ ይመጣል፤ እኔ ግን የማንንም አዲስ ዋጋ አላውቅም። በ2011 የደረሰብኝም ይኸው ነው፤ እንደገና በወጣው ጨረታ አንድ ተጫራች ከእኔ የቀድሞ ዋጋ በ15 ብር ብቻ ዝቅ ብሎ አሸንፎኛል። ጨረታ በተሰረዘ ቁጥር ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሰው ያለ ካሳ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ ጨረታ የሚሰርዙ ኃላፊዎች ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ። ለሕዝብ ገንዘብ መቆርቆር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ፍላጎትን በቅጡ አጥንቶ ጨረታ ማውጣትም ለዚያው ገንዘብ መቆርቆር ነው።

በማግሥቱ መጋቢት 14 የበላይ ኃላፊው የፈረሙበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ስረዛው ተነሥቷል፤ ነገር ግን የሥራ ክፍሉ ፍላጎት በመቀነሱ በጨረታ ሰነዱ ላይ አስቀድሞ በተገለጸው መሠረት ብዛቱ በ20 በመቶ ተቀንሶ 320 ወንበር እንዳቀርብ ይላል። ይህን አልተከራከርሁም። ብዛት የመጨመርና የመቀነስ መብት በሰነዱ ውስጥ ስለነበረ፣ እኔም ሰነዱን ፈርሜ ስለገባሁ፣ አከራካሪ ነገር አልነበረውም። በእጅ ያለውን መብት አጥብቆ መያዝ የሚቻለው የሌላውንም ወገን መብት ሲያከብሩ ይመስለኛል።

በተቀነሰው ብዛት ዋጋው 688,000 ብር፣ ከ15 በመቶ ታክሱ ጋር 791,200 ብር ሆነ። የውል ማስከበሪያ አሥር በመቶውን 79,120 ብር በሲፒኦ አስይዤ ውሉን ከፈረምሁ በኋላ ብቻ ነው ወንድሜን ብረት እንዲገዛ የላክሁት።

እንዲህ ያለ ነገር ለሚያጋጥመው ሰው ከዚህ የተረፉኝ ጥቂት ነገሮች አሉ። ስረዛው በእርግጥ በአንቀጹ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች በአንዱ፣ አሸናፊነት ሳይገለጽ የተደረገ ከሆነ፣ ጉልበትን በእሱ ላይ አለመጨረስ ይሻላል፤ በዚያው ቀን የጨረታ ማስከበሪያችሁ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያም ጨረታው እንደገና ሲወጣ ዝርዝር መግለጫው ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑን መሥመር በመሥመር አመሳክሩ። አንድን አቅራቢ ብቻ የሚጠቅም ልዩ መጠን ወይም የአንድ ፋብሪካ ስም ገብቶ ካገኛችሁ፣ ያ ራሱን የቻለ የአቤቱታ ምክንያት ነው፤ የአቤቱታው ጊዜም ያን ካወቃችሁበት ቀን ይቆጠራል፤ ፖስታው እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም። ዋጋችሁንም ባለፈው ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ አትሙሉ፤ የቀድሞው ዋጋ ተነቦ ያለቀ ስለሆነ፣ ብረቱን፣ ኤሌክትሮዱን፣ መብራቱንና የሰው ጉልበቱን በዕለቱ ገበያ እንደገና አስሉት።

አሁን ብዙዎቹ የፌዴራል ተቋማት በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓት ስለሚጠቀሙ የአሸናፊነቱም ሆነ የስረዛው መልእክት በሥርዓቱ ውስጥ ይደርሳል፤ ቀኑና ሰዓቱም ተመዝግቦ ይቀራል። ይህ ለእንደ እኔ ላለ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ተላላኪ መጠበቅ ቀርቷል። ነገር ግን መልእክቱ ከገባበት ቀን ጀምሮ እንደደረሳችሁ ሊቆጠር ስለሚችል፣ የሞላችሁትን የኢሜይል አድራሻና የስልክ ቁጥር የምትከታተሉት ራሳችሁ መሆን አለባችሁ፤ የሰነድ ሥራ ለሚሠራላችሁ ልጅ ወይም ለኢንተርኔት ቤት አትተዉት። ያ ጎረቤቴ ወጣት የደረሰበት አንዱ ችግርም ይኸው ነበር፤ ደብዳቤውን የተቀበለው የጥበቃ ሠራተኛው ነው፣ እሱ ያየው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

320ውን ወንበር ያስረከብነው ግንቦት ላይ ነው። የንብረት ክፍሉ ባለሙያዎች አንድ በአንድ እየገለበጡ ብየዳውን አይተው ገቢ አደረጉት፤ የንብረት ገቢ ደረሰኙን ቅጂ ከደብተሩ መጨረሻ ገጽ ጋር አያይዤ አስቀምጫለሁ። ደብተሩን ለጎረቤቴ አውሼዋለሁ፤ ሰኞ ሌላ ጨረታ ስለሚከፈትለት የመጀመሪያውን ገጽ ከእኔ ጋር ተቀምጦ አስምሮ ወስዷል።